ማመልከቻሽ መልስ ሳያገኝ አትነቀሺ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። ዱባይ ካፌ ውስጥ ትሠሪያለሽ። ፊሊፒናዊት ባልደረባሽ ለእረፍት አገሯ ገብታ የእጅ አንጓዋን ተነቅሳ መጣች። «እኛ አገር አሁን ማንም ምንም አይልም» አለችሽ። አንቺም አማረሽ። ግን ኤምሬትስ ላይ ለበረራ አስተናጋጅነት ልታመለክቺ ነው። ልነቀስ ወይስ ይቅርብኝ?

እህቴ፣ ልጅቷ ግማሹን እውነት ነው የነገረችሽ። ፊሊፒንስ ውስጥ የተነቀሰ ሰው ለረጅም ጊዜ በእስረኛና በወሮበላ ዓይን ነበር የሚታየው። የእስር ቤት ቡድኖች ምልክታቸውን ሰውነታቸው ላይ ይነቀሱ ነበርና። አሁን ብዙ ወጣት ይኮራበታል። ለዚህ ትልቅ ድርሻ ያላቸው አፖ ዋንግ-ኦድ የተባሉ አዛውንት ነቃሽ ሴት ናቸው። የሚኖሩት በተራራማው ካሊንጋ፣ ቡስካላን መንደር ነው። ማሽን አያውቁም። የዛፍ እሾህ በቀርከሃ ጫፍ ይሰካሉ፤ ጥላሸት በውኃ ይበጠብጣሉ፤ ከዚያ በሌላ እንጨት ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ቆዳ ውስጥ ያስገቡታል። ድሮ በዚያ አገር ንቅሳት ለወንዱ የጀግንነት ማዕረግ፣ ለሴቷ ጌጥ ነበር። አፖ ዋንግ-ኦድም እ.ኤ.አ. በ2023 በ106 ዓመታቸው የቮግ ፊሊፒንስ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጡ። የእኛን እናቶች የአንገት ንቅሳት ሳስብ ትንሽ ቅናት ቢጤ ይሰማኛል።

«ማንም ምንም አይልም» ያለችው ላይ ግን አልስማማም። በ2024 የአገሪቱ ብሔራዊ ፖሊስ አባላቱ ከዩኒፎርም ውጭ የሚታይ ንቅሳታቸውን እንዲያስጠፉ አዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ትዕዛዙን ለጊዜው አገደው። ሰፈሩ ተቀብሎታል፤ ቀጣሪው ገና አልቆረጠለትም።

ያንቺን ማመልከቻ የሚያየው ደግሞ የዱባይ ቀጣሪ ነው። ኤምሬትስ ዩኒፎርም ለብሰሽ የሚታይ ንቅሳት አይቀበልም። በሜካፕ ወይም በፕላስተር መሸፈንም አይፈቅድም። አንጓ ደግሞ መጥፎ ቦታ ነው፤ ትሪ ስትዘረጊ እጅጌሽ ይሸሻል። የእንግሊዙ አየር መንገድ ቨርጂን አትላንቲክ በ2022 ፊትና አንገት ላይ ካልሆነ ፈቅዷል፤ አንቺ ግን የምታመለክቺው እዚያ አይደለም።

ስለዚህ መልሱ እስኪመጣ ጠብቂ። ካለፍሽ በኋላም ካማረሽ፣ ዩኒፎርሙ የማይገልጠውን ቦታ ምረጪ፤ ከዚያ በፊት ደንቡን አንብቢ። «ካልሆነ በሌዘር አስጠፋዋለሁ» ብለሽ ደግሞ አትግቢበት። በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መመላለስ አለው፣ ዋጋውም ይጎዳል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ሌላ ቦታ ላይ የቆየ ንቅሳት ካለሽ ደግሞ ሲጠይቁሽ እንዳትደብቂ።