ፖስተሩን ያበላሸው ውሃ ሳይሆን ፕላስተር ነው

ጥያቄ፦ የ1957 የአሜሪካ ፊልም ኦሪጅናል ፖስተር ገዛሁ። እጥፋቶቹን ተከትሎ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቡናማ መስመር አለው፤ ጀርባው ሲነካ ይጣበቃል። እጥፋቱ ላይ በጥቁር ማርከር የተሞላ ቦታም አያለሁ። ቨርጂኒያ ቤቴ ቤዝመንት ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ውሃ ነክቶት ይሆን? በበረኪና ላጽዳው?

መልስ፦ በረኪናውን ይመልሱት፤ ወረቀቱን ይበላዋል። ውሃ የነካው ወረቀት ጠርዙ የጠቆረ፣ የተጠማዘዘ ምልክት ይይዛል እንጂ እንዲህ ቀጥ አይልም። 2 ሴንቲ ሜትር የፕላስተር ስፋት ነው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ 69 በ104 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑት እነዚህ ፖስተሮች ወደ ሲኒማ ቤቶች የሚላኩት ታጥፈው ነበር። እጥፋቱ ሲሰነጠቅ አንዱ ከጀርባ በፕላስተር ለጥፎታል። እጥፋቱ ራሱ ጉድለት ስላልሆነ በካውያ አይተኩሱት።

የዚያ ዘመን ፕላስተር ማጣበቂያው ጎማ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ብቻ ተቀምጦ ይቆያል፤ ያኔ ቢነሳ ብዙ ጉዳት የለውም። ዓመታት ሲያልፉ ጎማው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ይለሰልሳል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ቅቤ እንደነካው ወረቀት ከጀርባ ሰርጎ በፊት ለፊት ይወጣል። በመጨረሻ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይተሳሰሩና ይደርቃል፤ የፕላስተሩ ላስቲክ ይረግፋል፣ ቡናማው ግን ከወረቀቱ ቃጫ ጋር አንድ ሆኖ ይቀራል። እዚያ ከደረሰ የሚያሟሟው የለም ማለት ይቻላል። የእርስዎ ገና የሚጣበቅ ስለሆነ መሀል ላይ ነው፤ ሳይደርቅ ይድረሱለት።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ሙጫውን የሚያሟሟልዎትን ፈሳሽ፣ አሴቶንን፣ ቤዝመንት ውስጥ አይክፈቱ። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ሄዶ የውሃ ማሞቂያውን እሳት ያገኛል። ቡና የሚፈላበት፣ ከሰልና ዕጣን ያለበት ክፍልም አይሆንም። መስኮቱ ሰፊ የሆነ ክፍል ይምረጡ፤ ጓንት ያድርጉ።

ፖስተሩን በነጭ መምጠጫ ወረቀት ላይ በፊቱ ይደፉት። የፀጉር ማድረቂያውን ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርገው ከ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለ10 ሰከንድ ያሙቁ። ጠርዙን በደነዘዘ ቀጭን ስፓቱላ ያስነሱና ላስቲኩን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ አጥፈው፣ ወረቀቱን ተጠግተው ቀስ ብለው ይሳቡ። የቀረውን ሙጫ ጫማ ሰሪዎች በሚያውቁት የክሬፕ ሶል (ጥሬ ጎማ) ቁራጭ እያንከባለሉ ያንሱት፤ አይፈግፍጉ።

አሁን ማድረቂያውን ነቅለው ከክፍሉ ያውጡት። ማድረቂያና አሴቶን አንድ ላይ አይገናኙም። ጥጥ በአሴቶን አርሰው መጀመሪያ ነጩ ህዳግ ላይ፣ ከዚያ ማርከሩ ጫፍ ላይ ይሞክሩ። የሕትመቱ ቀለም ብዙውን ጊዜ ይችለዋል፤ ማርከሩ ግን ይሸሻል። ስንጥቅን በማርከር የሚሸፍኑ ሰዎች የሚያደርሱት ጥፋት ከፕላስተሩ ይብሳል፤ ማርከር ያለበትን ቦታ ጨርሶ ይለፉት። ሌላውን ከጀርባ ነካ ነካ እያደረጉ፣ የታችኛውን መምጠጫ ወረቀት በየጊዜው እየቀየሩ ይሥሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ካልፈዘዘ ያቁሙ።

ስንጥቁን በቀጭን የጃፓን ወረቀት ይጠግኑ። 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ በመቀስ ሳይሆን በእጅ ይቀደድ፤ ጠርዙ ላይ የሚወጣው ቃጫ ነው የሚይዘው። ሙጫው የስንዴ ስታርች ነው፦ 1 እጅ ስታርች በ5 እጅ ውሃ፣ እያማሰሉ 25 ደቂቃ ያብስሉ፣ ሲቀዘቅዝ ያጥልሉት። ዱቄት አይተካውም። በስስ ቀብተው፣ መምጠጫ ወረቀትና ክብደት ጭነው ያሳድሩት። «አሲድ የሌለው» እየተባለ የሚሸጠውን ርካሽ ፕላስተር አይግዙ፤ እሱም ፕላስተር ነው። የፖስተሩ ፕላስቲክ ማስቀመጫም ፒቪሲ ሳይሆን ፖሊስተር ይሁን፤ እንደ አዲስ የሻወር መጋረጃ የሚሸት ከሆነ ይመልሱት።

ግርጌው ላይ በ57 ጀምሮ በእዝባር የሚቀጥል ቁጥር ካለ ፖስተሮችን ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያከፋፍል የነበረው የናሽናል ስክሪን ሰርቪስ ቁጥር ነው። ከፊቱ «አር» ፊደል ካለ ግን ፊልሙ ዳግም ሲወጣ የታተመ ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል። የመጀመሪያው ሕትመት ሆኖ ብዙ ገንዘብ ከከፈሉበት አሴቶኑን ሳይነኩ ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ይስጡት።

የተጠቀሙበትን ጥጥ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ከትተው ወዲያው ከቤት ውጭ ያኑሩት፤ ኩሽና ቆሻሻ ውስጥ አይጣሉት።