መልስ፦ ኢንተርኖቼ (ሆስፒታል ውስጥ የሚለማመዱ ተማሪዎቼ) የኦንላይን ኮርሱን ጨርሰው ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ላይ ይደናገራሉ፣ ምን ላድርግ?

ኮርሱን በአንዴ አታስጨርሳቸው። ዋርድ ላይ ካለ ታካሚ ጋር እያያያዝክ ቆራርጠህ ስጣቸው።

ጄንታማይሲን (በኩላሊት በኩል ከሰውነት የሚወጣ አንቲባዮቲክ) የታዘዘለት ታካሚ አለ እንበል። ጠዋት ካርዱን ያንብቡ፤ ዕድሜውን፣ ክብደቱንና ክሬቲኒኑን (የኩላሊትን ሥራ የሚጠቁም የደም ምርመራ ውጤት) ይዘው የኩላሊቱን አቅም ራሳቸው ለማስላት ይሞክሩ። ማታ ስለ ኩላሊትና ዶዝ የሚያወራውን ትምህርት ይዩ። በማግስቱ አልጋው አጠገብ «ዶዙ ይቀነስ ወይስ ሰዓቱ ይራራቅ? ለምን?» ብለህ ጠይቃቸው። ዋናው ፈተና ይሄ ነው። የኦንላይኑን ምርጫ ጥያቄማ እርስ በርስ ይኮራረጁታል።

ኔትወርክ ካስቸገረ ቪዲዮውን ዋይፋይ ባለበት አውርደው ይያዙ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኬሱን በቴሌግራም ሲወያዩበት የካርድ ፎቶ እንዳይለጥፉ። ስሙን ሸፍነው የካርድ ቁጥሩን የሚረሱ ብዙ አይቻለሁ። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ክብደት፣ የላብራቶሪ ውጤትና የመድኃኒት ዝርዝር ተጽፎ ቢላክ ይበቃል።