ከስሊቭ በኋላ ቫይታሚን እስከ መቼ? ለጠየቅሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ለጤናሽ አበቃሽ። ስሊቭ (ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንሰውን የክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን) ከተሠራሽ 8 ወር እንደሞላሽ፣ ኪሎሽ በጥሩ ሁኔታ እየወረደ እንደሆነና ምንም ስለማያምሽ ቫይታሚኑን እንዳቆምሽ ጽፈሻል። ጥያቄዎችሽም እነዚህ ናቸው፦ ዕድሜ ልክ መዋጥ የግድ ነው ወይ? ጸጉሬ የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው ወይ? እዚህ ጅማ ምን ገዝቼ በስንት ሰዓት ልዋጠው? ረመዳን ሲመጣስ? ልጅ ብናስብስ? እኔም ስሊቭ ነኝ። አዲስ አበባ ተሠርቼ ከመጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ቤቴ እዚሁ ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ነው። አንቺ የምትጠጪውን ቡና እጠጣለሁ፤ አንቺ በምትገዢበት ከተማ መድኃኒት እገዛለሁ። ስለዚህ ያየሁትንና የተማርኩትን ልንገርሽ፤ ትክክለኛውን መጠን ግን የደም ምርመራሽን አይቶ የሚወስንልሽ ሐኪምሽ ነው።

አዎ፣ ዕድሜ ልክ ነው። «መድኃኒት ለታመመ ሰው ነው፣ አንቺ ደህና ነሽ» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ እኔም ቤት ሞልቷል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በስሊቭ ከጨጓራሽ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ወጥቷል። አብሮትም አሲድ የሚያመነጨውና ኢንትሪንሲክ ፋክተር የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ክፍል አብዛኛው ሄዷል። ይህ ፕሮቲን ካነሰ ሥጋም እንቁላልም ብትበዪ በውስጡ ያለው ቢ12 በደንብ ሳይመጠጥ ያልፋል። አሲዱ ሲያንስ ደግሞ ከምግብ የሚገኘው አይረን እንደ ድሮው ወደ ደም አይገባም። ባይፓስ (ምግብ የጨጓራውን አብዛኛውን ክፍልና የአንጀቱን መጀመሪያ ዘልሎ እንዲያልፍ የሚደረግበትን ኦፕራሲዮን) የተሠሩት ይብስባቸዋል፤ አይረንና ካልሲየም በብዛት በሚመጠጡበት በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ምግብ ማለፉን ያቆማል። የምንበላውም ትንሽ ነው። ሩብ እንጀራ በማይሞላ ምግብ የቀኑን ቫይታሚን ሁሉ አሟላለሁ ማለት አይሆንም።

አሁን ደህና መሆንሽ አያዘናጋሽ። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ ያህል ያስቀምጣል። ስለዚህ ዛሬ ያቆመች ሴት እግሯ መደንዘዝና መንዘር፣ ነገር መርሳት የሚጀምራት ምናልባት ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ከቫይታሚኑ ጋር የሚያያይዘው ሰው ላይኖር ይችላል፤ ነርቭ ደግሞ አንዴ ከተጎዳ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የአይረኑም ነገር ተመሳሳይ ነው። ሰውነት መጀመሪያ የሚጨርሰው ያጠራቀመውን ነው፤ በተለመደው የደም ማነስ ምርመራ የሚለካው ሄሞግሎቢን የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ያጠራቀምሽውን የሚያሳየው ምርመራ ፌሪቲን ይባላል። እኔን በጣም የሚደክመኝ ጊዜ ነበር። ውሃ የተረጨበት ደረቅ አፈር ሲሸተኝ ምራቄ ይሞላል፤ አፈር ማማር ራሱ የአይረን እጥረት ምልክት መሆኑን ያኔ አላወቅኩም። ሄሞግሎቢኔ ሲታይ ግን ደህና ነው። ዶክተሯ ፌሪቲን ጨመረችልኝና ውጤቱ ሲመጣ ወርዶ ወርዶ አልቋል። ይህ ሁሉ የታዘዘልኝን አይረን አንድም ቀን ሳላዛንፍ እየዋጥኩ ነው።

«በስንት ሰዓት ነው የምትውጪው?» አለችኝ። ጠዋት ከቁርስ ጋር። «ከቁርስ በኋላስ?» ቡና። እሷም ወዲያው ገባት፣ እኔም ገባኝ። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አይረንን አንጀት ውስጥ ይይዙትና እንዳይመጠጥ ያደርጉታል። በእኛ ከተማ ደግሞ ቁርስ ተበልቶ ረከቦት ሳይቀርብ የሚነሳ ሰው የለም፤ አቦል ተጠጥቶ ቶና፣ ከዚያ በረካ፣ በመሃል ጎረቤት ይገባል፣ እንደገና ይቆላል። ለሌላው አገር የተጻፈው «ከቁርስ ጋር ይዋጥ» የሚለው ምክር ለጅማ ሴት አይሠራም። ያን ቀን አይረኔ ወደ ማታ ተዛወረ፤ እራት ከበላሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ እውጠዋለሁ። ቫይታሚን ሲ አይረኑ እንዲመጠጥ ያግዘዋል። በሚቀጥለው ምርመራ ፌሪቲኔ መውጣት ጀመረ፤ የክኒኑ ዓይነት ያው የድሮው ነው። ቡናሽን ተይ አልልሽም፤ ክኒኑንና ቡናውን አራርቂያቸው። የማታው ጨጓራሽን ካስቸገረሽ፣ ጎህ ሲቀድ ከማንም በፊት ተነሥተሽ ዋጪውና ቡናውን ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከቻልሽ ሁለት ሰዓት አዘግዪ።

ካልሲየምም ከአይረን ጋር አይስማማም፤ በአንድ ላይ ሲገቡ ካልሲየሙ አይረኑ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ስጫቸው። ወተትና እርጎም ካልሲየም ስለሆኑ አይረንን በወተት አትዋጪ። ካልሲየም በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ሚሊግራም በላይ በደንብ አይመጠጥም፤ ስለዚህ የቀኑን መጠን ከፋፍለሽ ነው የምትወስጂው። ለስሊቭና ለባይፓስ የሚመከረው ከምግብም ከክኒንም ተደምሮ በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም ነው። ለእኛ የሚሻለው ካልሲየም ሲትሬት ነው፣ አሲድ አይፈልግምና። እዚህ መድኃኒት ቤት ስትጠይቂ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጡሽ ካርቦኔቱን ነው። እሱም ይሆናል፤ ከምግብ ጋር ብቻ ዋጪው። ዕቃው ላይ «1250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት» የሚል ብታይ በውስጡ ያለው ንጹሕ ካልሲየም 500 ብቻ ነው። ከውጭ ዘመድ የሚልክልሽንም በዚሁ ዓይን እዪው፤ ሲገለበጥ ጀርባው ላይ የተጻፈው ነው ቁም ነገሩ።

እንደ ከረሜላ የሚታኘከውን ቫይታሚን ዘመዶች በሻንጣ ያመጡልናል፣ ይጣፍጣልም፤ አብዛኛው ግን አይረን የለበትም፣ ቢ1ም ብዙ ጊዜ የለበትም። ለልጅ ስጪው። ለአንቺ የሚያስፈልገው አይረን፣ ቢ1፣ ፎሊክ አሲድ፣ ዚንክና መዳብ ያለበት ሙሉ መልቲ ቫይታሚን ነው። የወር አበባ ለምታይ ሴት በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም ንጹሕ አይረን ይመከራል፤ ተራው መልቲ ቫይታሚን ያንን አያሟላም፣ ስለዚህ አይረኑ ለብቻው ይጨመራል። ሰገራሽ ቢጠቁር ከአይረኑ ነውና አትደንግጪ፤ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ከሆነ ግን ያ ደም ሊሆን ይችላልና ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ቢ12 በአፍ ከሆነ በየቀኑ ከ350 እስከ 1000 ማይክሮግራም፣ በመርፌ ከሆነ በወር አንዴ 1000 ማይክሮግራም ነው። እኔ መርፌውን መርጫለሁ፤ በወር አንድ ቀን ነው፣ አልረሳውም። ጨጓራ ያቃጥለኛል ብለሽ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የምትወስጂ ከሆነ፣ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን ካለሽ፣ ሁለቱም ቢ12ን ስለሚቀንሱ ለሐኪምሽ ንገሪው። ቫይታሚን ዲ በቀን 3000 ዩኒት ነው የሚጀመረው፣ ከዚያ በምርመራ ይስተካከላል። «ፀሐይ እያለልን» ይሉሻል፤ ጅማ ክረምቷን ታውቂዋለሽ፣ እኔና አንቺ ደግሞ ተሸፋፍነን ነው የምንወጣው።

ቢ1ን ለብቻው ላንሣው፣ ምክንያቱም ይህኛው እንደ ሌሎቹ ቀስ ብሎ አይደለም የሚያልቀው። ሰውነት የሚያስቀምጠው ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። የማውቃት አንዲት እህት ከኦፕራሲዮን በኋላ ማስመለስ አላቆም አላት፤ ውሃም አይረጋላትም። ቤተሰቡ «ጨጓራዋ እስኪለምድ ነው» እያለ ሰነበተ። ኋላ ስትራመድ መንገዳገድ ጀመረች፤ አንዱን ሰው ሁለት አድርጋ ታያለች፤ የልጇን ስም ስትጠየቅ ግራ ገባት። ግሉኮስ ሊሰቀልላት ሲል አንድ ሐኪም «መጀመሪያ ቢ1 ትወጋ» ብሎ አስቆመ። ቢ1 ለጎደለው ሰው ግሉኮስ ብቻ መስጠት ጉዳቱን ያባብሰዋል። ዛሬ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ፤ ግን አረማመዷ እስኪስተካከል ብዙ ወራት ፈጅቷል። ስለዚህ ለቀናት የማያቋርጥ ማስመለስ ከመጣብሽ አትጠብቂ፤ ለሚቀበልሽ ሐኪምም የክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን እንደተሠራሽና ቢ1 እንደሚያስፈልግሽ አንቺ ራስሽ ተናገሪ፣ መናገር ካቃተሽ አብሮሽ ያለው ይናገር። ባለቤትሽ ይህን ዛሬ ያንብበው።

ጸጉርሽን በተመለከተ፣ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር አካባቢ የሚጀምረው መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ ከፈጣኑ የክብደት መቀነስና ከኦፕራሲዮኑ ድንጋጤ ነው፤ ይመለሳል። የእኔም ተመልሷል። ከዓመት ካለፈ ወይም ዘግይቶ ከጀመረ ግን ፕሮቲን፣ አይረንና ዚንክ ይታዩ። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ለእኛ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ ምስሩን አስቀድሚ፣ እንጀራው ኋላ ይድረስ። ባዮቲን (ለጸጉር ተብሎ የሚሸጠውን ቫይታሚን) ግዙ የሚሉትን ብዙም አልከተልም። ከወሰድሽው ደግሞ ደም ከመሰጠትሽ ቀናት ቀደም ብለሽ አቁሚውና ለላብራቶሪው ንገሪ፤ የታይሮይድ ውጤት ያዛባል።

«ቀይ ሥር ብዪ፣ ደም ይሆንሻል» የሚሉሽ አይቀሩም። ቀይ ሥር ጥሩ ምግብ ነው፤ አይረኑ ግን ጥቂት ነው፣ ደም የሚያስመስለው ቀለሙ ነው። ጤፍ የተሻለ አይረን አለው፣ ሊጡ መቡካቱም መመጠጡን ያግዛል፤ ቢሆንም በምንበላው መጠን ክኒኑን አይተካም። ይልቅ አይረኑ አልወጣ ካለሽ ሰገራ ተመርመሪ። በጅማ ዙሪያ ደም መጣጭ ትል የሚያጠቃው ሰው ብዙ ነው፤ እሱ ከሥር እየመጠጠ አንቺ ከላይ ብትሞዪ ዋጋ የለውም።

ረመዳንን እኔ የመጀመሪያውን ዓመት አልጾምኩም፤ ዶክተሯ ስለከለከለችኝ በኋላ ቀዳ አወጣሁ፣ ማለትም ያለፈኝን ጾም በሌላ ጊዜ ጾምኩ። አንቺም መጾም አለመጾምሽን ሐኪምሽን ጠይቂ። ስጀምር ያስተካከልኩት እንዲህ ነው፦ ከኢፍጣር ምግብ ጋር አንዱን ካልሲየም፣ ከተራዊህ በኋላ ልተኛ ስል አይረንና መልቲ ቫይታሚኑን፣ ለሱሑር ሁለተኛውን ካልሲየም። ቡናው ወዲያው ከኢፍጣር በኋላ ያልቃል፣ ከዚያ አይደገምም። የጾም ጊዜ የሚያገኛቸው ክርስቲያን ጓደኞቻችንም ቢ12 ከአትክልትና ከጥራጥሬ እንደማይገኝ ይወቁት፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ተለይተው መርፌውንም ካሳለፉ ከየትም አያገኙትም። የእንክብሉ ሽፋን ጀላቲን ከምን እንደተሠራ የሚያሳስብሽ ከሆነ ክኒኑን ወይም የሚታኘከውን ሙሉ መልቲ ቫይታሚን ምረጪ።

ምርመራው በመጀመሪያው ዓመት በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ነው። ስትሄጂ ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ብቻ ሠርተው እንዳይሸኙሽ፤ ፌሪቲን፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየምና ከተገኘ የፓራታይሮይድ ሆርሞን (በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም የሚቆጣጠረው) ብለሽ በስሙ ጠይቂ። እዚህ የማይሠራውን አዲስ አበባ ለክትትል ስትሄጂ አሠሪው። ገንዘብ ሲያጥር ሁሉንም ከማቆም መልቲ ቫይታሚኑን፣ አይረኑንና የቢ12 መርፌውን ያዢ፤ ካልሲየሙን እስክትገዢ በእርጎና በወተት አግዢው፤ እንዳገኘሽ ደግሞ መልሺው።

ልጁን ኢንሻአላህ ይስጣችሁ። ግን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅ ይመከራል፤ አንቺ ገና 8 ወርሽ ነው። ክብደት ሲወርድ ደግሞ ማርገዝ ከድሮው ይቀላል፣ ስለዚህ እስከዚያ ስለ እርግዝና መከላከያ፣ በክንድ ስለሚቀበረው ወይም በማህፀን ስለሚቀመጠው ሉፕ ከሐኪም ጋር ተነጋገሪበት። ፎሊክ አሲድ ከማርገዝሽ በፊት ነው የሚጀመረው፣ በቀን ከ800 እስከ 1000 ማይክሮግራም፤ ነገር ግን ቢ12ሽን አስቀድመሽ አሠሪ፣ ፎሊክ አሲድ ብቻውን የቢ12 እጥረት እንዳይታወቅ ሊደብቀው ይችላል። በመልቲ ቫይታሚንሽ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ሬቲኖል ከሆነ መጠኑ ሲበዛ ለፅንሱ አደጋ አለው፤ ቤታ ካሮቲን የሆነውን ቀይሪ። ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር ሲሰጥ የኖረው የተለመደው ክኒን 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው፤ ለሌላው በቂ ሊሆን ይችላል፣ ለአንቺ ግን ቢ12ን፣ ካልሲየምንና ቫይታሚን ዲን አይተካም። በእርግዝና ጊዜ ለስኳር ምርመራ ጣፋጭ ውሃ ጠጪ ሲሉሽም ከመጠጣትሽ በፊት ስሊቭ መሆንሽን ንገሪያቸው፤ ማዞርና ማላብ ሊያመጣብሽ ስለሚችል በጣት ደም እየለኩ ሊከታተሉሽ ይችላሉ።