ተራራ መውጣት ለጀመራችሁ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። 11 ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦን፣ መናገሻ ሱባን፣ ዝቋላን፣ ወንጪን በእግሬ ስዞር ኖሬያለሁ። አሁን አሁን ብዙ ልጆች እየወጡ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን በሸራ ጫማና በግማሽ ሊትር ውሃ ሽቅብ ሲሉ ሳይ እሰጋለሁ። በሉ ጠይቁ።

ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልወጣ ነው። ምን ዓይነት ቢላ ልግዛ?

ቢላውን ተወው፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ግዛ። እኛ አገር ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ከጠለቀች በኋላም ቶሎ ይጨልማል። ካየኋቸው ችግሮች አብዛኞቹ የጀመሩት "ትንሽ እንሂድና እንመለሳለን" ሲባል ነው። ስለዚህ የመመለሻ ሰዓትህን ከቤት ሳትወጣ ቁረጥ። እኔ ጫፍ ደረስኩም አልደረስኩም 8 ሰዓት ላይ ፊቴን አዞራለሁ። ለአንድ ሰው ደግሞ የት እንደምትሄድ ንገርና "እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ካልደወልኩ ፈልጉኝ" በለው።

ብርድ ያን ያህል ያስፈራል እንዴ? አዲስ አበባ እኮ ነው ያደግነው።

ያስፈራል። 1,000 ሜትር በወጣህ ቁጥር ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ንፋስና ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ነሐሴ ወጨጫ ላይ ዝናብ ያዘን። ጓደኛዬ ጂንስና የጥጥ ሹራብ ነበር የለበሰው። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ቆይቶ ዝም አለ። የሹራቡን ዚፕ ሊዘጋ ሲሞክር ጣቶቹ እምቢ አሉት፣ የራሱን ስልክ ቁጥር ስጠይቀው ደግሞ አምታታው። ያኔ ደነገጥኩ። እርጥቡን ልብስ በሙሉ አስወልቄ የኔን ደረቅ ሹራብ አለበስኩት፣ በላስቲክ ጠቀለልኩት፣ ደግፌም እታች ካለ ጎጆ አደረስኩት። እናትየዋ እሳት አንድደው ትኩስ ወተት በስኳር ሰጡት፣ ነፍሳቸውን ይማርና እስከ ዛሬ አልረሳቸውም። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት አይሰጥም። ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል፣ የመንዝ ሰው በርኖስ የሚለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ደረቅ ሹራብ በፌስታል ቋጥረህ ያዝ።

ጅብ ቢመጣብኝስ?

ቀን ላይ ብዙም አታየውም። ካየኸው አትሩጥ፣ ፊትህን ወደ እሱ አድርገህ እየጮህክ ቀስ ብለህ ራቅ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ውሻ ነው። የእረኛ ውሻ ሲመጣብህ ቁም፣ ባለቤቱን ተጣራ፣ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ በል፣ ብዙ ጊዜ ጎንበስ ማለትህ ብቻ ይበቃል። ከነከሰህ ግን ቁስሉ ትንሽ ነው ብለህ እንዳትተወው። በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠበው፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂድና ስለ እብድ ውሻ ክትባት ጠይቅ። ይሄ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። እባካችሁ "ነገ አየዋለሁ" አትበሉ።

እባብስ?

አትቁረጥ፣ አትምጠጥ፣ በገመድ አትሰር፣ ጥቁር ድንጋይም አትለጥፍ። ቀለበትና ሰዓት አውልቅ፣ የተነከሰው እግር ሳይንቀሳቀስ በፍጥነት ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ሴት ነኝ፣ ብቻዬን መውጣት እፈልጋለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

እህቴ፣ መጀመሪያ መንገዱን ከቡድን ጋር ሂጂበት። ብቻሽን ስትሆኚ ሰው ከሚበዛበት መንገድ አትውጪ፣ ሁለቱንም ጆሮሽን በኢርፎን አትዝጊ። የሚከተልሽ ሰው ካለ "ወንድሞቼ ከኋላ እየመጡ ነው" በይና ወደ ሰው ተመለሺ። ልብሽ ካልወደደው ምክንያት አትፈልጊ፣ ተመለሺ። ስልክ አምጪ ካሉሽ ስጪ፣ ለስልክ ብለሽ አትታገዪ።

መንገድ ቢጠፋንስ?

ቁጭ በሉ። እውነቴን ነው፣ ቁጭ ብላችሁ ውሃ ጠጡ። የሰው ልጅ ሲደነግጥ ወደ ገደል ነው የሚወርደው። ከዚያ አድምጡ፦ የውሻ ጩኸት፣ የምሳር ድምፅ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል። ኔትወርክ ደከም ካለ ጥሪው እምቢ ሲል አጭር መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ስልኩን ደረታችሁ ኪስ ውስጥ አድርጉት፣ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ፊሽካ ካላችሁ ሦስት ሦስት ጊዜ ንፉ።

የምንጭ ውሃ ንጹህ አይደለም?

ኩልል ያለውም ከላይ ከብት ይጠጣበታል። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ አቆየው።

ዘንድሮ ራስ ዳሽን መውጣት እንችላለን?

መጀመሪያ ስለ መንገዱ ሰላም ደባርቅ ላሉ ሰዎች ደውላችሁ አጣሩ። ከፍታውን በተመለከተ ደግሞ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ እዚያው እደሩ። አንዱ እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን አውርዱት፣ ብቻውን ግን አትልቀቁት።