ሌሊት የሚሞቅ ሳጥን

ልጆቼ፣

ባለፈው ነሐሴ ሁለት የምህንድስና ተማሪዎች ደብረ ማርቆስ ቤቴ መጡ። ውጭ ያካፋ ነበርና ጃኬታቸው ሥር ሸሽገው ያመጡትን የፕላስቲክ ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ጋሼ፣ በሚያዝያ እንዲህ አልነበረም» አለኝ አንደኛው፤ ሐኪም ዘንድ ልጁን ያመጣ አባት ይመስል ነበር።

የሠሩት ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ አቅራቢያ የሚኖር አጎት አላቸው፤ ንብ ያረባል። ከቀፎው ሥር ሚዛን አስገብተው፣ ክብደቱን በየሩብ ሰዓቱ የሚመዘግብና በቀን አንድ ጊዜ በአጭር የስልክ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ገጠሙለት። አደይና ኑግ ሲያብቡ ማር መግባቱ በክብደቱ ይታወቃል፤ አጎትየው ቀፎውን እየከፈተ ንቦቹን ማስቆጣት አያስፈልገውም። ኃይሉ ከ3 ዋት ሶላርና ከሁለት ሊቲየም ባትሪዎች ነበር የሚመጣው። ሚያዝያና ግንቦትን ያለ እንከን ሠራ። ሰኔ ሲገባ ይጠፋ፣ ይመጣ ጀመር። ሐምሌ እኩሌታ ላይ ጭራሹን ሞተ። ሳጥኑን ስከፍተው ጉንዳን እንቁላሉን ሳይቀር ይዞ ሰፍሮበታል።

«ምን አሰባችሁ?» አልኳቸው።

«ሶላሩን ወደ 10 ዋት እናሳድገው ብለን ነው።»

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ መልስ ነው። እኔም በእነሱ ዕድሜ የሰጠሁት መልስ ነበር፤ ሦስት ክረምትም አስከፍሎኛል።

ሥራ የጀመርኩት ተራራ አናት ላይ የተተከሉ የገጠር ስልክ ጣቢያዎችን በመጠገን ነው። በፀሐይ ኃይል ነበር የሚሠሩት። ከእነዚህ አንዱ ነሐሴ በገባ ቁጥር ዝም ይላል። እኛም በየዓመቱ በበቅሎ ፓነል እያስጫንን ወጥተን እንጨምርለታለን። በሦስተኛው ዓመት፣ ፓነሉ በእጥፍ ከጨመረ በኋላም፣ ጠፋ። ሌሊቱን እዚያው ስናድር የጣቢያው ጥበቃ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እጃቸውን ከአንድ የብረት ሳጥን ላይ አያነሡም። «አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው። «እየሞቅሁ ነዋ፣ ልጄ። ይህች ሳጥን ባትኖር ይህን ብርድ መች እችለው ነበር!»

ሳጥኑ ውስጥ ከባትሪው የሚመጣውን 24 ቮልት ወደ 12 ዝቅ የሚያደርግ ሬጉሌተር ነበር። በዚያ ዓይነት ሬጉሌተር የሚገባው ኃይል ግማሹ ሥራ ሳይሠራ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ፓነል ያሸከምናቸው በቅሎዎች ለካ የጥበቃውን እጅ ለማሞቅ ነው የወጡት። እኔ የተማርኩት ሰውዬ በቀን፣ በፀሐይ እየመጣሁ ስለምመረምረው ሙቀቱን ከፀሐይ ሙቀት ለይቼ አላውቀውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ማንኛውንም መሣሪያ ሲያመጡልኝ፣ ሶላሩን ሳላይ፣ ጣቴን ቺፖቹ የተተከሉበት ሰሌዳ ላይ አስኬዳለሁ፤ ሞቅ ያለው ቦታ ወጪው ነው። ቀጥሎ ቴስተሩን አወጣለሁ። የባትሪውን አንድ ሽቦ ነቅላችሁ ቴስተሩን በመካከል አስገቡትና ሚሊአምፔሩን፣ ማለትም መሣሪያው ከባትሪው የሚስበውን ጅረት፣ አንብቡ። (በአምፔር መስመር ላይ እንዳለ ቀጥታ ባትሪው ጫፎች ላይ እንዳታሳርፉት፤ ፊውዙ ይቃጠላል። እኔ ስንቱን እንዳቃጠልኩ አልናገርም።)

የልጆቹ መሣሪያ 92 ሚሊአምፔር ይጠጣ ነበር፤ ሲመዝንም፣ ምንም ሳይሠራ ሲቀመጥም። በ24 ሰዓት ሲባዛ ከ2200 ሚሊአምፔር ሰዓት በላይ ነው። ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ላይ 5200 ይይዛሉ። ስለዚህ ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ ብትጠፋ ዕድሜው ሁለት ቀን ከጥቂት ሰዓት ነው። የሐምሌን ደመና የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ይህ ሁሉ ወዴት ይሄዳል? ትልቁ በላተኛ መሣሪያውን የሚያዝዘው፣ አርዱዊኖ ኡኖ የምትሉት ሰሌዳ ነው። ለመማሪያ የተሠራ ስለሆነ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ቺፕ፣ ሬጉሌተሩና አመልካች መብራቱ ሁልጊዜ በርተው ይኖራሉ፤ ሥራ ፈትቶም ወደ 50 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። ላዩ ላይ ያለው አትሜጋ 328 ቺፕ ግን ብቻውን ሲሆን ሌላ ፍጡር ነው። ከ1.8 እስከ 5.5 ቮልት ባለው ሁሉ ስለሚሠራ፣ በመጠነኛ ፍጥነት ካስኬዳችሁት በቀጥታ ከሊቲየም ባትሪ ጋር ይገናኛል፤ ቮልቴጅ የሚያሳድግም የሚቀንስም መሸጋገሪያ አያሻውም። ከሁሉም በላይ መተኛት ይችላል። በጥልቅ እንቅልፍ ላይ፣ የመቀስቀሻ ሰዓቱ እየቆጠረ እንኳ፣ የሚፈልገው ጥቂት ማይክሮአምፔር፣ ማለትም የሚሊአምፔር ሺኛ፣ ነው። የራሱ መቀስቀሻ ከ8 ሰከንድ በላይ አያስተኛውም፤ ይሁን እንጂ 112 ጊዜ ነቅቶ መልሶ ቢተኛ ሩብ ሰዓት ይሞላል። የነቃበት ቅጽበት እጅግ አጭር ስለሆነ ለሒሳብ አይገባም።

ቺፑ ብቻውን ተኝቶ ሌላው ነቅቶ ካደረ ግን ዋጋ የለውም። የሚዛኑን ምልክት የሚያነብበው ኤችኤክስ 711 የሚባለው ቺፕ የሰዓት ምልክት በሚገባበት እግሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ60 ማይክሮሰከንድ በላይ ከፍ ብሎ ሲቆይ ራሱን ያጠፋል፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። የስልክ ሞደሙን ደግሞ በትራንዚስተር ማብሪያ ከነጭራሹ ከባትሪው መለየት ነው። አመልካች መብራቶቹን እኔ በጉጠት ነቅዬ ጣልኳቸው። ልጆቹ «ያምራሉ እኮ» ብለው ነበር። ጫካ ውስጥ ለማን ነው የሚያምሩት?

ወረቀት አውጥተን እንደገና አሰላን። እንቅልፍ 10 ማይክሮአምፔር ቢሆን በቀን 0.24 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። በየሩብ ሰዓቱ ለ2 ሰከንድ በ10 ሚሊአምፔር ቢነቃ በቀን ግማሽ ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል። መልእክቱን ለመላክ አንድ ደቂቃ በአማካይ 100 ሚሊአምፔር ቢወስድ 1.7 ገደማ። ተደምሮ 2.5 አይሞላም፤ የበፊቱ 2200 ነበር። አንደኛው ልጅ ወረቀቱን ወስዶ ሁለት ጊዜ ደመረው።

ጥቂት መቆጠብ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚሰጥ ለማየት ሰማይ ላይ ያለ ምስክር አለ። በፈረንጆቹ 1958 የተወነጨፈችው ቫንጋርድ 1 የተባለች የአሜሪካ ሳተላይት ክብደቷ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም ነበር። ሁለት ማሰራጫ ነበራት፤ ባለ 10 ሚሊዋቱ በባትሪ፣ ባለ 5 ሚሊዋቱ በፀሐይ ይሠራል። የባትሪው በዚያው ዓመት ዝም አለ። በጉልበት ግማሹን የሚያህለው የፀሐዩ እስከ 1964 ተናገረ።

አሁን ስለ ሶላሩ መነጋገር እንችላለን። አባቶቻችን ጎተራቸውን በጥር ሞልቶ ሲያዩት አይመኩበትም፤ የሚያስቡት ስለ ነሐሴ ነው፣ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ገና ሳይደርስ ስላለው ወር። የሶላር ሒሳብም በጎጃም እንደዚያው ነው፤ ችግሩም በዚያው ወር ይመጣል። በበጋ ቀን የምታገኙትን አምስትና ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ እርሱት። ባለ 6 ቮልት 1 ዋት ፓነል በጠራ ፀሐይ 170 ሚሊአምፔር ገደማ ይሰጣል፤ በጨለመ ቀን አንድ አሥረኛውን ብቻ፣ ያውም ለሦስት ሰዓት፣ ይስጥ በሉ። ይህም ወደ 50 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። አዲሱ መሣሪያችን በዚህ በአንዲት ጨለማ ቀን የ20 ቀን ቀለብ ያገኛል። ልጆቹ 10 ዋት ሊገዙ መጥተው በ1 ዋት ሄዱ።

አቀማመጡም ነበር ያጎደላቸው። ፓነሉን ከአንድ የአውሮፓ ጽሑፍ ባገኙት ምክር ወደ ደቡብ 35 ዲግሪ አዘንብለውታል። ለዚያ አገር ልክ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በሚያዝያ 9 አካባቢና በነሐሴ 20 አካባቢ ፀሐይ በቀትር አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ዘንግ ብትተክሉ ጥላው ከእግሩ ሥር ይጠፋል። በሁለቱ መካከል፣ ማለትም በክረምቱ ዋና ወራት፣ ፀሐይ የምታልፈው በስተሰሜን ነው። ሐምሌ ላይ የልጆቹ ፓነል ጀርባውን ሰጥቷት ነበር ማለት ይቻላል፤ በጠራ ቀትር እንኳ ሲሶ ያህሉን ያጣ ነበር። እኛ ዘንድ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል፤ እሱም ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ነው። በደመና ቀን ብርሃኑ ከመላው ሰማይ ስለሚመጣ ወደ ላይ የሚያይ ፓነል የተሻለ ይሰበስባል።

አንድ ነገር ቀረ፤ ብዙ ፕሮጀክት የሚገድለው እሱ ነው። መሣሪያው ባትሪው አልቆ ከሞተ በኋላ ፀሐይ ብትወጣም ለምን አልተነሣም? ጠዋት ባትሪው ትንሽ ሲሞላ ቺፑ ይነቃል፤ እንደነቃም ሞደሙን ያበራል። ሞደሙ በቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል፤ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ቺፑ ይጠፋል። ጥቂት ይሞላል፣ እንደገና ይነቃል፣ እንደገና ይወድቃል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲውል የገባው ሁሉ ይባክናል። ከሕመም የተነሣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሞፈር አይሸከምም። ቺፑ ሲነቃ አስቀድሞ የራሱን ባትሪ ይለካ፤ ከ3.6 ቮልት በታች ከሆነ ምንም ሳይነካ ተመልሶ ይተኛ፤ አንዴ ከወደቀ ደግሞ 3.8 እስኪደርስ መልእክት አይላክ። የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት አታጥብቡት። ከሞደሙ አጠገብም ለዚያች ቅጽበት ኃይል አጠራቅሞ የሚያቆይ ዳጎስ ያለ ካፓሲተር ይኑር።

ባትሪ ስትገዙ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበትን አትንኩ። ያቺ የጣት ባትሪ የምትመስል ሊቲየም በደንብ ተሠርታ የምትይዘው 3500 አካባቢ ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ፣ ለክታችሁ ያረጋገጣችሁት ይሻላል፤ ያበጠ ከሆነ ግን ይጣል። ባትሪው ከፓነሉ ሥር ጥላ ላይ ይቀመጥ። ጮቄ አናት ላይ ለመትከል የምታስቡ ካላችሁ፣ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች እያለ ሲሞላ እንደሚበላሽ እወቁ፤ እዚያ የማለዳው ውርጭ ቀልድ አያውቅም።

ልጆቹ አዲሱን መሣሪያ ነሐሴ ሳያልቅ ተከሉት። በመስከረም አብሬያቸው ሄድኩ። አጎትየው ማር የተቀባ ዳቦ አቀረቡልንና ስለ ኤሌክትሮኒክስ ምንም ሳይጠይቁ የቀፎውን ክብደት ከስልካቸው አነበቡልን። ሳጥኑን ከፈትነው። ባትሪው 4.1 ቮልት ነበረው። እኔ የፈለግሁት ጉንዳኑን ነበር፤ አንድም የለም። ጣቴን ቺፑ ላይ አሳረፍኩት፤ እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቅዟል።