ካኩማ ላይ ምግብ ቤት ለመክፈት ላሰብሽው እህት

ሰላም እህቴ። ኬንያ፣ ካኩማ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አነስ ያለች ምግብ ቤት ለመክፈት ቤት እያየሽ እንደሆነ ጽፈሽ «ከምን ልጀምር?» ብለሻል። እዚያው ካምፕ ለዓመታት ምግብ ቤት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ቤቱን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ሰፈሩ ውስጥ ገንዘብ መቼ እንደሚገባ አጥኚ። ባምባ ቻኩላ፣ ማለትም ለስደተኛው በስልክ የሚላከው የምግብ እርዳታ ገንዘብ፣ የገባ ሰሞን፣ ኤንጂኦ የሚሠሩት ልጆችም ደመወዝ ሲቀበሉ ገበያው ይሞቃል። ወሩ ሲጋመስ ጭር ይላል። ስለዚህ ያለሽን ገንዘብ በሙሉ ወንበርና ድስት ላይ አታፍስሺው። ግማሹ ጭር ያለውን ሰሞን ያሻግርሽ።

ዱቤ አልሰጥም ብለሽ አትዘልቂም፤ ደንበኛሽ ጎረቤትሽ ነው። ግን ልክ አብጂለት። ደብተር ላይ ጻፊ፣ የድሮውን ያልከፈለ አዲስ አይጨምር። አንቺም ከጅምላ ሱቁ በዱቤ ስትወስጂ፣ ሰው ካንቺ ከወሰደው አትብለጪ።

አሁን ዋናው፣ ሥጋ። እዚያ የሚበላው ሐበሻ ብቻ አይደለም። ሶማሌው፣ ሱዳኑ፣ ኮንጎው፣ የአካባቢው ተወላጅ ቱርካናውም ሁሉ ይመጣል። የሙስሊም ሥጋ ካቀረብሽ ብዙ ክርስቲያን ሐበሻ አይነካውም፤ የክርስቲያን ካቀረብሽ ሙስሊሙ አይገባም። ሰው «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀመጥም። የኔ ምክር መጀመሪያ ያለ ሥጋ ክፈቺ። ጠዋት ፉል በዳቦና ሻይ፣ ምሳ ሽሮ፣ ምስርና ፓስታ። ሽሮ ረቡዕም ዓርብም ይሸጣል፣ ማንም አይጠራጠረውም። ሥጋውን ደንበኞችሽ እነማን እንደሆኑ ካየሽ በኋላ ትወስኛለሽ።

እንጀራው ላይ ተጠንቀቂ። ጤፍ ከሩቅ ስለሚመጣ ውድ ነው፤ ከማሽላ ወይም ከሩዝ ዱቄት ጋር ቀላቅይው። ቀን ላይ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ በላይ ነው፣ አገር ቤት እንደለመድሽው ሊጡን ለቀናት ካስቀመጥሽው ይመጥጣል። እርሾ ቀንሺ፣ ማታ አቡኪ፣ አረፋውን እያየሽ በማግሥቱ ጋግሪ። የምትጋግሪውም የቀኑን ብቻ ይሁን፤ ያደረ እንጀራ ቶሎ ይሻግታል።

ከሰሉን ከቱርካና ሴቶች ነው የምትገዢው። አንዷን ደንበኛ አድርጊያት፣ ዋጋ አትጨቅጭቂያት። ዝናብ ጥሎ ከሰል ሲጠፋ የምታስታውስሽ እሷ ናት።

ፈቃድ አትርሺ። የአካባቢው አስተዳደር፣ የቱርካና ካውንቲ፣ የሚሰጠው የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። ምግብ የሚነካ ሁሉ ደግሞ የጤና ምርመራ ወረቀት ያስፈልገዋል፣ እሱ በየ6 ወሩ ነው። ወረቀቶቹን ግድግዳው ላይ ስቀያቸው።

ያየሽው ቤት የት አካባቢ ነው? ታራች ወንዝ ዳር ከሆነ ይቅርብሽ፤ አሁን ደረቅ አሸዋ መስሎ አይሸውድሽ፣ ዝናብ ሲመጣ ቤት ይዞ ይሄዳል። ሰፈሩን ጻፊልኝ፣ ስለ ኪራዩ እንነጋገራለን።