ገልብጡትና እዩት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ፋርስ ስጋጃ ናቸው። አንድ ላይ ልመልሳቸው።

«ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በ120 ዶላር ስጋጃ ገዛሁ። ሻጩ የፋርስ የእጅ ሥራ ነው ብሎኛል። በምን ልወቅ?» (ከቨርጂኒያ)

ገልብጠው። የእጅ ሥራ ከሆነ ሥዕሉ ጀርባው ላይም ከነቀለሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የማሽኑም አንዳንዴ ያሳያል፤ ግን ረድፉ ሁሉ ከልክ በላይ እኩል ነው። ሰው የቋጠረው ትንሽ ትንሽ ይዛነፋል። ከዚያ ፀጉሩን በጣትህ ፈልቀቅ አድርገህ ሥሩን እይ። እያንዳንዱ ክር ሁለት ድር ላይ ተቋጥሮ ካገኘኸው ደስ ይበልህ። ዘርፉንም ተመልከት። ዘርፍ የድሩ ጫፍ ነው እንጂ ለጌጥ የተለጠፈ አይደለም። የተሰፋ ከሆነ ጠርጥር፤ አሮጌ ስጋጃ ሲጠገን አዲስ ዘርፍ ስለሚሰፋበት ግን በሱ ብቻ አትፍረድ። «ኢራን የተሠራ» የሚል ጽሑፍም ዋስትና አይሆንህም። በእጅ ሥራ ስሟ የገነነው የኢራን ከተማ ካሻን ዛሬ የማሽኑንም በገፍ ታመርታለች።

ቋጠሮ ካነሳን አይቀር፣ የፋርስ የሚባለው አንዱን ድር ይጠመጥምና በሌላው ሥር ያልፋል። ነጋዴዎች «ሰነህ» ይሉታል፤ የሳናንዳጅ ከተማ የድሮ ስም ነው። የሳናንዳጅ ሠራተኞች ራሳቸው የሚቋጥሩት ግን ሁለቱንም ድር የሚጠመጥመውን የቱርኩን ነው! ማን እንዲህ እንደሰየመው እንጃ።

«ያለን አሮጌ ስጋጃ ቀዩ መደብ መሃል ላይ ድንገት ፈዘዝ ይላል። ተበላሽቷል?»

የፈዘዘው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አግድም ከሄደ ጉዳት አይደለም፤ «አብራሽ» ይሉታል። እንደ ቃሽቃይ ያሉ፣ በደቡብ ኢራን ፋርስ የሚባለው አውራጃ ዘላኖች ሱፉን የሚነክሩት በትንሽ በትንሹ ነበር። ቀዩ ከተክል ሥር፣ ሰማያዊው ከኢንዲጎ፣ ቢጫው ከሮማን ልጣጭም ይወጣል። አንዱ ድስት አልቆ ሁለተኛው ሲጣድ ያው ቀለም አይደገምም። እኔ እንዲያውም እሱን ነው የምወደው። ፊቱ ነጥቶ ጀርባው ከደመቀ ግን የፀሐይ ሥራ ነው።

«የማዳም ስጋጃ ላይ ቡና ፈሰሰብኝ። ምን ላድርግ?» (ከዱባይ)

እህቴ፣ እንዳትፈትጊው! በረኪና እና ሙቅ ውኃም አይንካው። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጫን እያደረግሽ ምጠጪው። ከዚያ ሌላ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ አርጥበሽ መጀመሪያ ጥጉ ላይ ሞክሪ። ቀለም ከለቀቀ እዚያው አቁሚ። ሐር ከሆነ አትሞክሪው፤ ለአጣቢ ይሰጥ። ለማዳምም ቶሎ ንገሪያት፤ ቡና ሲደርቅ ይብሳል።

«ብል ገባበት።»

ብል የሚወደው ጨለማና ሰው የማይረግጠው ቦታ ነው፤ ሶፋ ሥር ማለት ነው። ፊቱንም ጀርባውንም በቫኪዩም ጥረጉት፤ ቦታውንም ቀያይሩት።

«ከሁሉም የትኛው ይበልጣል?»

ለእኔ የአርደቢል ስጋጃ። ርዝመቱ 10 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ቋጠሮው ወደ 26 ሚሊዮን ይጠጋል። ጫፉ ላይ የካሻኑ መቅሱድ ስምና 946 የሚል የሒጅራ ዓመት ተሸምኖበታል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1539 ወይም 1540 መሆኑ ነው። የለንደኑ ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም በ1893 በ2,000 ፓውንድ ገዛው። መንታ ነበረው፤ ነጋዴዎቹ ከሱ እየቆረጡ ይኸኛውን ጠገኑበት። የተረፈው ሎስ አንጀለስ ነው። ለንደን ያላችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ቀለሙ እንዳይጠፋ መብራቱ የሚበራው በየግማሽ ሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሰዓታችሁን አይታችሁ ግቡ።